ወደ ምንጩ መመለስ፦ የህዳሴ ዘመን ሂውማኒስቶች ሃይማኖትን፣ ሥነ ጥበብንና ፍልስፍናን የለወጡት በምን መንገድ ነው?

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን አንድን መምህር ሂውማኒስት የሚያሰኙት የሚያስተምራቸው አምስት ትምህርቶች ነበሩ፦ ሰዋስው፣ የንግግርና የአጻጻፍ ጥበብ፣ ሥነ ግጥም፣ ታሪክና የሥነ ምግባር ፍልስፍና። ሕግ፣ ሕክምናና ነገረ መለኮት የሌሎች መምህራን ድርሻ ነበሩ። ሂውማኒስቱ የጥንት የላቲንና የግሪክ ጸሐፍትን አጥርቶ ያነባል፣ በእነሱ አርአያ ይጽፋል፣ ይህንኑ ለሌላው ያስተምራል። እንጀራውን የሚያገኘውም በከተማ አስተዳደር ጸሐፊነት፣ በሮማው ጳጳስ ጽሕፈት ቤት፣ አለዚያም የመሳፍንትን ልጆች በማስተማር ነበር።

ዛሬ «ሂውማኒዝም» ሲባል ብዙዎቻችን የምንረዳው እግዚአብሔርን ትቶ ሰውን በቦታው የሚያስቀምጥ አስተሳሰብ ነው። ያ ትርጉም የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ከታወቁት ሂውማኒስቶች መካከል የፕላቶን ተርጓሚ ማርሲልዮ ፊቺኖ ቄስ ነበር። ኤራስመስ በምንኩስና ጀምሮ ቅስና የተቀበለ ሰው ነው። ሎሬንዞ ቫላ በመጨረሻ ዘመኑ የጳጳሱ ጸሐፊ ሆኖ አገልግሏል። ታዲያ ሰዋስው የሚያስተምሩ አማኞች የምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን እስከ መሠረቱ ያናወጠ ሥራ እንዴት ሊሠሩ ቻሉ? መልሱ በአንድ የንባብ ልማድ ውስጥ አለ። አንድ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ በምን ቋንቋ ጻፈው፣ በእጃችን ያለው ቅጂስ ከየትኛው ቅጂ ተገለበጠ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው በሕግ ሰነድ፣ በወንጌልና በፕላቶን መጻሕፍት ላይ ሲነሳ የሰጠው ውጤት ለየቅል ነው፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጻሕፍቱ እንዴት ተገኙ?

ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ በ1345 ቬሮና ውስጥ የጥንቱ ሮማዊ ተናጋሪና ፖለቲከኛ ሲሴሮ ለወዳጁ ለአቲኩስ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አገኘ። እስከዚያ ሲሴሮ በምዕራብ አውሮፓ ይታወቅ የነበረው እንደ ጥበብ መምህር ነው፤ ደብዳቤዎቹ ግን የሚፈራ፣ የሚያመነታ፣ በፖለቲካ የሚወላውል ሰው አሳዩ። የጥንት ደራሲ በአንድ ዘመን የኖረ፣ በዚያ ዘመን ጭንቀት የተጨነቀ ሰው ሆኖ መታየት የጀመረው ከዚህ አካባቢ ነው። ፔትራርካ የሆሜር የግሪክኛ ቅጂም ነበረው፤ ቋንቋውን ስላልተማረ ግን ሊያነበው አልቻለም። ይህ ክፍተት መሞላት የጀመረው በ1397 ነው። የፍሎረንስ ዋና ጸሐፊ የነበረው ኮሉቾ ሳሉታቲ ማኑኤል ክሪሶሎራስ የተባለውን የቢዛንታይን ሊቅ አስጠርቶ በከተማዋ ግሪክኛ እንዲያስተምር አደረገ።

ቀጥሎ የመጣው የገዳማት ፍለጋ ነው። ሂውማኒስቱ ፖጆ ብራቾሊኒ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የኮንስታንስ ጉባኤ (1414–1418) በሚካሄድበት ጊዜ በአካባቢው ያሉትን ገዳማት እየዞረ የመጻሕፍት ክፍሎቻቸውን ይፈትሽ ነበር። በ1416 በቅዱስ ጋል ገዳም የኩዊንቲልያንን የንግግር ጥበብ ትምህርት ሙሉ ቅጂ፣ በ1417 ደግሞ የሉክሬቲየስን ስለ ተፈጥሮ የተጻፈ ረጅም ግጥም አገኘ። እዚህ ላይ ሂውማኒስቶቹ አንድ ስሕተት ሠርተዋል፤ ስሕተቱም ፍሬ አፍርቷል። ከ9ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉትን ብራናዎች የእጅ ጽሕፈት የጥንት ሮማውያን ጽሕፈት ነው ብለው በማመን እሱን አስመስለው ጻፉ። ዛሬ በላቲን ፊደል የሚታተም መጽሐፍ ሁሉ የሚጠቀምበት ቀጥ ያለና ክብ የፊደል ቅርጽ የተወለደው ከዚያ የተሳሳተ ግምት ነው።

መጽሐፍ ማግኘት ግን የሥራው ቀላል ክፍል ነው። በእጅ የሚገለበጥ ጽሑፍ በታወቁ መንገዶች ይበላሻል። ቁም ጸሐፊው ዓይኑ ከአንድ ቃል ወደ ሌላ ተመሳሳይ ቃል ይዘልና መካከል ያለውን ይተዋል። አንባቢ በኅዳጉ ላይ ያሰፈረውን ማስታወሻ የሚቀጥለው ገልባጭ የመጽሐፉ አካል መስሎት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ያልገባውን ቃል ደግሞ በሚያውቀው ይለውጠዋል። ከዚህ ከመጨረሻው አንድ ጠቃሚ ደንብ ይወጣል፦ ከባዱን ንባብ የሚያቀልል ገልባጭ ሞልቷል፣ ቀላሉን የሚያከብድ ግን ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ሁለት ንባቦች ሲጋጩ ብዙ ጊዜ ቀዳሚው ከባዱ ነው።

ሁለተኛውን ደንብ በ1489 ግልጽ አድርጎ ያሳየው አንጀሎ ፖሊዚያኖ ነው። ፍሎረንስ ውስጥ ሲሴሮ ለወዳጆቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ያሉባቸው ሁለት ብራናዎች ነበሩ፤ አንደኛው የቆየ፣ ሌላው ከእሱ የተገለበጠ። በተገለበጠው ላይ ጠራዡ ቅጠሎች አዛብቷል። ፖሊዚያኖ ሌሎቹን ቅጂዎች ሲመረምር ያው መዛባት በሁሉም ላይ አገኘ፤ እንግዲያው ሁሉም የዚያ የተዛባ ቅጂ ልጆች ናቸው። ሃምሳ ቅጂ ከአንድ አባት ከተወለደ የሚቆጠረው እንደ አንድ ምስክር ነው። ዛሬም የጥንት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ቅጂዎችን መቁጠር ሳይሆን የዘር ሐረጋቸውን ማውጣት ነው።

የሐሰት ሰነድ እንዴት ይያዛል?

ለመካከለኛው ዘመን የሮማ ጳጳሳት የምድራዊ ሥልጣን መከራከሪያ ሆኖ ሲቀርብ የኖረ አንድ ሰነድ ነበር፤ «የቆስጠንጢኖስ ስጦታ» ይባላል። እንደ ሰነዱ አባባል ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በጳጳስ ሲልቬስትሮስ አማካይነት ከለምጽ ከዳነ በኋላ የሮማን ከተማ፣ ጣሊያንንና የምዕራብ አውራጃዎችን ለጳጳሱና ለተተኪዎቹ ሰጥቷል።

ሎሬንዞ ቫላ በ1440 ሰነዱን መረመረ። በዚያን ጊዜ የሚያገለግለው የአራጎኑን ንጉሥ አልፎንሶን ነበር፤ አልፎንሶ ደግሞ በኔፕልስ መንግሥት ጉዳይ ከጳጳስ ኤውጄንዮስ 4ኛ ጋር ተጋጭቷል። ስለዚህ ቫላ ገለልተኛ አልነበረም። ይሁን እንጂ የክርክሩ ጥንካሬ የሚለካው በማስረጃው እንጂ በደመወዝ ከፋዩ አይደለም፤ ማስረጃውን በሦስት ደረጃ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው «ይህ ሊሆን ይችላልን?» የሚለው ነው። የትኛው ንጉሥ ነው የግዛቱን ግማሽ በፈቃዱ የሚሰጠው? ልጆቹና የሮማ ሸንጎ ዝም ይሉ ነበር? ይህ ክፍል በስሜት የተጻፈና ሲነበብ የሚያስደስት ነው፤ እንደ ማስረጃ ግን ከሦስቱ ደካማው ነው፤ ነገሥታት የማይጠበቅ ነገር ያደርጋሉና። ሁለተኛው የተግባር ዱካ ፍለጋ ነው። ስጦታው እውነት ከሆነ ርክክብ ይኖራል፣ ጳጳሱ የሾማቸው ገዢዎች ይኖራሉ፣ በስሙ የተመታ ገንዘብ ይኖራል። ቫላ የዘመኑን የታሪክ ጸሐፍትና ገንዘብ ሲያይ ያገኘው ግን ቆስጠንጢኖስና ከእሱ በኋላ የነገሡት ምዕራቡን መግዛት መቀጠላቸውን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ቋንቋው። ሰነዱ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደተጻፈ ይናገራል፤ ግን «ሳትራፕ» የሚባሉ ሹማምንትን ከሮማ ባለሥልጣናት ጋር ይቆጥራል፤ ያ ማዕረግ በቆስጠንጢኖስ ቤተ መንግሥት አልነበረም። ቁስጥንጥንያን የፓትርያርክ መንበር አድርጎ ይጠራል፤ ከተማዋ ገና ቢዛንትየም በምትባልበት ጊዜ። የንጉሡን ዘውድ ከወርቅና ከዕንቍ የተሠራ ይለዋል፤ ቫላ እንዳለው በዚያ ዘመን ዲያደም የሚባለው ከጨርቅ የሚሠራ ጥምጥም ነበር። የላቲኑ ሰዋስውም የሌላ ዘመን ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር መለየት አለበት። ጽሑፍ ስላላማረ ሐሰት አይሆንም፤ በማንኛውም ዘመን መጥፎ ጸሐፊ አለ። ሰነዱን የሚያጋልጠው በተባለው ዘመን ገና ያልተፈጠረ ስም ወይም ማዕረግ መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ማስረጃ ብቻ እንኳ ይበቃል።

ኒኮላስ ዘኩዛ ከቫላ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ሰነዱን ተጠራጥሮ ነበር፤ የቫላ ድርሻ ጥርጣሬውን በቃል በቃል ምርመራ ማጽናቱ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሰነዱ በ8ኛው ክፍለ ዘመን እንደተዘጋጀ ይስማማሉ። በ1444 ቫላን በኔፕልስ የሃይማኖት መርማሪዎች አቅርበውት ነበር፤ ያዳነው ንጉሡ ነው። ከዚያ ሮማ ገብቶ በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ተሾመ፤ በዘመኑ የላቲን ሊቅን የሚያህል ለጽሕፈት ቤት የሚፈለግ ሰው አልነበረም። ድርሰቱ በጀርመን በኅትመት ከተሰራጨ በኋላ ማርቲን ሉተር በ1520 አነበበው፤ ስለ ጳጳሳት ሥልጣን ያለውን ቁጣም አባባሰው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ካርዲናል ባሮንዮም ቆይቶ ሰነዱ ሐሰት መሆኑን ተቀብሏል።

የ1516ቱ አዲስ ኪዳን

ቫላ የላቲኑን አዲስ ኪዳን ከግሪክኛው ጋር እያስተያየ የጻፋቸው ማስታወሻዎችም ነበሩት። ኤራስመስ በ1504 ሉቨን አጠገብ ባለ ገዳም አገኛቸውና በ1505 አሳተማቸው። ከዚያም ራሱ ትልቁን ሥራ ያዘ። በ1516 በባዝል ከተማ፣ በዮሐን ፍሮበን ማተሚያ ቤት፣ ግሪክኛው ንባብ ከአዲስ የላቲን ትርጉም ጋር ጎን ለጎን ሆኖ ወጣ። የስፔኑ ካርዲናል ሲስኔሮስ በአልካላ ያዘጋጀው ብዙ ቋንቋ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ የአዲስ ኪዳኑን ክፍል በ1514 አትሞ ጨርሶ ነበር፤ ግን ገና አልተሰራጨም። ለገበያ የቀደመው የኤራስመስ ነው፤ ጥድፊያውም ዋጋ አስከፍሎታል።

በባዝል በእጁ የነበሩት የግሪክኛ ብራናዎች ጥቂትና አብዛኞቹ የ12ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነበሩ። ከእነሱ የተወሰኑትን ራሳቸውን እያረመ፣ በመስመር መካከልና በኅዳግ እየጻፈ፣ ለአታሚው ሰጠ። ለዮሐንስ ራእይ ያገኘው አንድ ብራና ብቻ ነው፤ ሮይሽሊን ከተባለው የዕብራይስጥ ሊቅ የተዋሰው። በዚያ ብራና የመጽሐፉ ንባብና ትርጓሜው ተቀላቅለው ስለተጻፉ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር፤ የመጨረሻው ቅጠል ደግሞ የለም። የጎደሉት ከምዕራፍ 22 ቍጥር 16 እስከ 21 ያሉት ስድስት ቍጥሮች ናቸው። ኤራስመስ ከላቲኑ ወደ ግሪክኛ መልሶ ተረጎማቸው። በዚህ ምክንያት በቍጥር 19 የግሪክኛ ብራናዎች «የሕይወት ዛፍ» የሚሉት በእሱ ኅትመት «የሕይወት መጽሐፍ» ሆነ፤ ምክንያቱም በላቲን ሁለቱ ቃላት ስለሚቀራረቡ የላቲን ገልባጮች ቀድመው አሳስተውት ነበር። በቤትዎ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቍጥር የትኛውን እንደሚል ቢመለከቱ፣ ከየትኛው የኅትመት ዘር እንደተተረጎመ አንድ ምልክት ያገኛሉ።

በሃይማኖት ላይ ያመጣው ለውጥ በማቴዎስ 3፥2 ላይ ጎልቶ ይታያል። ለዘመናት ሲነበብ የኖረው ላቲን ለምዕራብ ካህን የሚሰማው «የንስሐ ሥርዓት ፈጽሙ» በሚል መንፈስ ነበር፤ ተናዘዙ፣ የተሰጣችሁን ቀኖና ጨርሱ። ግሪክኛው ግን የልብና የአሳብ መለወጥን ያዛል። ሉተር በ1517 ካወጣቸው 95 ነጥቦች የመጀመሪያው የሚነሳው ጌታ ራሱ በማቴዎስ 4፥17 ከተናገረው ከዚሁ ቃል ነው፤ ንስሐ የአማኝ ዕድሜ ሙሉ እንጂ በካህን ፊት የሚያልቅ ሥርዓት ብቻ አይደለም ይላል። በ1518 ለአለቃው ለሽታውፒትዝ በጻፈው ደብዳቤም የግሪክኛውን ትርጉም ማወቁ ምን ያህል እንደረዳው ገልጿል። የ1522 የጀርመንኛ አዲስ ኪዳኑን የተረጎመውም ከኤራስመስ ሁለተኛ ኅትመት ነው።

ሌላው ጠብ በ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ ተነሳ። ላቲኑ በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት እንደሆኑ፣ እነሱም አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ መሆናቸውን ይናገራል። ኤራስመስ ይህን ሐረግ ባያቸው የግሪክኛ ብራናዎች ስላላገኘው በ1516 እና በ1519 ኅትመቶች አላስገባውም። ወዲያው በአርዮሳዊነት ከሰሱት። ሐረጉ ያለበት የግሪክኛ ብራና ከቀረበለት በኋላ በ1522 አስገባው፤ የስም ማጥፋት ምክንያት ላለመስጠት ሲል። «አንድ ብራና ካመጣችሁልኝ አስገባለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር» የሚለው በየመጽሐፉ የሚደጋገም ታሪክ ማስረጃ የለውም። አማኝ አንባቢም በዚህ መደንገጥ የለበትም፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አትናቴዎስና ባስልዮስ ስለ ሥላሴ ሲከራከሩ ማስረጃቸው ይህ ሐረግ አልነበረም።

ኤራስመስና ሉተር አንድ መንገድ የሚሄዱ መስለው ነበር። በ1524 ኤራስመስ ስለ ነጻ ፈቃድ ጻፈ፤ ሉተር በ1525 የሰው ፈቃድ በኃጢአት የታሰረ ነው ብሎ መለሰ። ሁለቱም ግሪክኛውን ያነባሉ፣ የደረሱበት ግን ይለያያል። ይህ ስለ ዘዴው አቅም ብዙ ይናገራል፦ ጽሑፉ ምን እንደሚል ያጠራል፣ ምን ማመን እንዳለብን ግን አይወስንም። ኤራስመስ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ በ1536 ሞተ፤ ያም ሆኖ በ1559 የወጣው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ሥራዎቹን በሙሉ አገደ።

ወለል መሣል

ሥነ ጥበብን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚባለው «ሂውማኒስቶች ሰውን ስላከበሩ ሠዓሊዎች እርቃን ሰውነት መሣል ጀመሩ» ነው። ይህ ላይ ላዩን የሚሄድ አባባል ነው። የበለጠ የሚያስረዳው በ1435 ሌዎን ባቲስታ አልቤርቲ ስለ ሥዕል የጻፈው ድርሰት ነው። አልቤርቲ በላቲን የሠለጠነ ሂውማኒስት ነው፤ የጣሊያንኛውን ቅጂ በ1436 ለብሩኔሌስኪ አበረከተ። ብሩኔሌስኪ የፍሎረንስን ካቴድራል ጉልላት የሠራና ከአልቤርቲ ቀድሞ የርቀት አሣሣልን በሠሌዳ ያሳየ ሰው ነው። አልቤርቲ ያደረገው በዎርክሾፕ የሚታወቀውን ጥበብ በዩክሊድ ጂኦሜትሪ መሠረት ላይ አቁሞ በጽሑፍ የሚማሩት ትምህርት ማድረግ ነው።

በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ወደ ውስጥ የሚርቅ የሚመስል ባለ ንጣፍ ወለል የመሣሉ አሠራር እንዲህ ነው። አራት ማዕዘን ይሠራል፤ ይህ እንደ ክፍት መስኮት ይቆጠራል። በሥዕሉ ውስጥ የሚቆም ሰው ቁመት ምን ያህል እንዲሆን እንደሚፈለግ ይወሰንና ርዝመቱ ለሦስት እኩል ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል አንድ ክንድ ነው። (የፍሎረንስ ክንድ ወደ 58 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ሦስቱ 175 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ሰው ቁመት ይሆናሉ።) የታችኛው መስመር በዚሁ ክንድ ይከፋፈላል። ከዚያ በውስጥ አንድ ማዕከላዊ ነጥብ ይደረጋል፤ ከታችኛው መስመር ከፍታው ከሰው ቁመት መብለጥ የለበትም። ከነጥቡ ወደ እያንዳንዱ ክፍፍል ቀጥታ መስመር ይሠመራል፤ እነዚህ ወደ ውስጥ የሚሸሹት የወለሉ መስመሮች ናቸው።

አስቸጋሪው አግድም መስመሮቹን በትክክለኛ ርቀት ማስቀመጥ ነው። የጊዜው ሠዓሊዎች የመጀመሪያውን አግድም መስመር በግምት ያስቀምጡና እያንዳንዱን ቀጣይ ክፍተት ከፊተኛው ሁለት ሦስተኛ ያደርጉት ነበር። አልቤርቲ ይህ ስሕተት ነው ይላል። ምክንያቱም የመጀመሪያው መስመር በግምት ስለተቀመጠ ተመልካቹ የት እንደቆመ በስሌቱ ውስጥ የለም። የእሱ መፍትሔ በሌላ ወረቀት ላይ የጎን እይታ መሥራት ነው፤ በተመሳሳይ ክንድ የተከፈለ መስመር ላይ የማዕከላዊውን ነጥብ ያህል ከፍታ ያለው ዓይን ይቀመጣል፤ ከዓይኑ ወደ እያንዳንዱ ክፍፍል መስመሮች ይሠመራሉ፤ ተመልካቹ ከሥዕሉ ሊርቅ በተፈለገው ርቀት ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቁም መስመር ይተከላል። መስመሮቹ ቁሙን የሚቆርጡባቸው ቦታዎች የአግድሞቹ ከፍታዎች ናቸው። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ በተሣለው ወለል ላይ የአንዱን ንጣፍ ሰያፍ መስመር ማራዘም፤ በቀጣዮቹ ንጣፎች ማዕዘኖች ላይ ሳይታጠፍ ካለፈ ወለሉ ትክክል ነው። የተመልካቹ ርቀት በጣም አጭር ከተመረጠ ግን ስሌቱ ትክክል ሆኖም በጠርዝ ያሉት ንጣፎች ተለጥጠው ይታያሉ።

ይህ አሠራር ለሃይማኖት ሥዕል ምን እንዳደረገ በፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የማሳቾ «ሥላሴ» (1427 ገደማ) ያሳያል። ማዕከላዊው ነጥብ ከመስቀሉ እግር በታች፣ ከቆመ ተመልካች ዓይን አቅራቢያ ስለሆነ የተሣለው ጠፈር ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚቀጥል ክፍል ይመስላል። አማኙ በአንድ በታወቀ ቦታ ቆሞ ምሥጢሩን ያያል። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትኩረቱን የሚያሳየው በመጠን፣ በፊት አቀማመጥና በቀለም ነው፤ ሁለቱን «ያደገ» እና «ያላደገ» ብሎ መመደብ ትክክል አይመስለኝም፤ የተለያየ ጥያቄ ነው የሚመልሱት።

ምንጭን በዓይን መፈተንም እዚህ ላይ ይገባል። የሮማው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ክንዱንና እግሩን የዘረጋ ሰው በክብና በካሬ ውስጥ እንደሚገጥም ጽፏል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1490 ገደማ ሲሥለው የሁለቱን ማዕከል ለያየ፦ የክቡ እምብርት ላይ፣ የካሬው ዝቅ ብሎ። በ1521 የቪትሩቪየስን መጽሐፍ ያሳተመው ቼዛሪያኖ ሁለቱንም እምብርት ላይ ስላደረጋቸው ሰውየው እጅና እግሩ ከልክ በላይ ረዝሞ ወጣ።

ፕላቶን፣ ሄርሜስና የፒኮ ንግግር

በፍልስፍና ትልቁ ሥራ የትርጉም ሥራ ነው። ከዚያ በፊት የላቲን አንባቢ ከፕላቶን የሚያውቀው ጥቂት ድርሰቶችን ብቻ ነበር። ፊቺኖ በፍሎረንሱ ባለጸጋ ገዢ በኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ድጋፍ ሙሉውን ተረጎመ፤ በ1484 በፍሎረንስ 1,025 ቅጂ ታተመ። ግን ኮዚሞ በ1463 ሥራውን አስቁሞ መጀመሪያ ሌላ መጽሐፍ እንዲተረጉም አዝዞት ነበር፤ የሙሴ ዘመን ነው የተባለለት የግብፁ ጠቢብ የሄርሜስ ትሪስሜጊስቶስ ጽሑፍ ነው ተብሎ። ፊቺኖ አመነበት፤ ክርስትናን፣ ፕላቶንንና ሄርሜስን የሚያገናኝ ጥንታዊ ጥበብ አድርጎ አስተማረበት። በ1614 የግሪክኛ ሊቁ ይስሐቅ ካዞቦን የቫላን መሣሪያ አነሣበት፤ ግሪክኛው የክርስትና ዘመን ግሪክኛ መሆኑን አሳየ። ዘዴው የራሱን ልጆች እምነትም አላለፈም።

ጣሊያናዊው ፈላስፋ ፒኮ ዴላ ሚራንዶላ በ1486፣ የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሮማ ሊከራከርባቸው 900 ነጥቦች አወጣ፤ ከሩቅ የሚመጣ ተከራካሪ ካለም ወጪውን እችላለሁ አለ። ጳጳስ ኢኖሰንት 8ኛ ያቋቋሙት ኮሚቴ 13ቱን ነቅፎ ክርክሩ ቀረ። የመክፈቻ ንግግሩ ዛሬ የሂውማኒዝም ዐዋጅ እየተባለ ይጠቀሳል፤ ሰው ቋሚ ቦታ ያልተሰጠው፣ ራሱን የሚቀርጽ ፍጥረት ነው ስለሚል። አንብበው ሲጨርሱት ግን ፒኮ የሚመክረው እንደ መላእክት ሆኖ ወደ እግዚአብሔር መውጣትን ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ የሚያነብ ሰው ፒኮን ሌላ ሰው ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ትምህርት ለማን እንደነበር መዘንጋት ተገቢ አይደለም። ሂውማኒስቱ ሌዎናርዶ ብሩኒ ለባላባቷ ለባቲስታ ማላቴስታ በጻፈው የትምህርት ምክር ሴት ታሪክን፣ ቅኔንና ሥነ ምግባርን እንድትማር ያበረታታል፤ የአደባባይ ንግግር ጥበብን ግን ከድርሻዋ ውጪ ያደርገዋል። ከአምስቱ ትምህርቶች ለሥልጣን የሚያበቃው ያ ነበር።

ሮማ ውስጥ የታተመው ግዕዝ

የምንጭ ፍለጋው ግሪክኛና ዕብራይስጥ ላይ አልቆመም። ሮማ ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የሚያርፉ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበሩ። ዮሐን ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ቄስ ጸሎታቸውን ሰምቶ ከእነሱ ግዕዝ ተማረ፤ በ1513 የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትን በሮማ አሳተመ፤ የመጀመሪያው የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ግን ስሕተት ነበር። የኤራስመስ ወዳጅ ፖርቱጋላዊው ዳሚያኦ ደ ጎይስ ደግሞ የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ የኢትዮጵያን እምነት ያብራራበትን ጽሑፍ በ1540 በሉቨን አወጣ፤ በፖርቱጋል እንዳይሰራጭ ተከለከለ።

ከሁሉ የሚበልጠው የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ የተስፋ ጽዮን ሥራ ነው። በ1548 እና በ1549 የግዕዝ አዲስ ኪዳንን በሮማ አሳተመ። የገጠመው ችግር ባዝል ላይ ኤራስመስን የገጠመው ነው፤ የነበረው የሐዋርያት ሥራ ብራና የጎደለ ነበር። ተስፋ ጽዮንና ባልደረቦቹ አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተርጉመው መሙላታቸውን በኅትመቱ ውስጥ ለአንባቢ ገልጸዋል። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ እንደማይችሉ፣ እነሱ ራሳቸው ደግሞ ማተም እንደማያውቁ፣ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ እየተረዳዱ መሥራታቸውን ተናግረው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ብራያን ዋልተን በ1657 በለንደን ያጠናቀቀው ብዙ ቋንቋ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ የግዕዙን አዲስ ኪዳን የወሰደው ከዚህ የሮማ ኅትመት ነው፤ ከእሱ ደግሞ ብዙ የአውሮፓ ሊቃውንት ጠቀሱ። ስለዚህ የሐዋርያት ሥራን የግዕዝ ንባብ ከጥንት የግሪክኛ ብራናዎች ጋር ለማስተያየት የሚፈልግ ሰው የሮማውን ወይም የለንደኑን ኅትመት መነሻ ቢያደርግ፣ ጥንታዊ ግዕዝ ያነበበ እየመሰለው በብዙ ቦታ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ላቲን በግዕዝ ያነባል። መነሻው በየገዳማቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ያሉት ብራናዎች መሆን አለባቸው፤ እነሱንም ከመቁጠር በፊት የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ መለየት ያስፈልጋል።